ነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ማወደስ በቃን፤ እንከራከረው፦ ስለ ተረሱ የማኅበራዊ ኢኮኖሚ አሳቢዎች

የአራት ኪሎ አንባቢ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ አንድ ወጣት ዘንድ ቆሜ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ስጠይቀው፣ ልጁ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ የሰውየውን ስም የሚጠራ ብዙ ነው፤ መጽሐፉን ፈልጎ የመጣ ግን በዚህ ዓመት እርስዎ ሁለተኛው ነዎት» አለኝ። መልሱ እስከ ቤቴ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ኢኮኖሚክስ ስማር በአራት ዓመት ውስጥ የዚህ ሰው ስም የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም «ከላቲን አሜሪካውያን በፊት የጥገኝነትን ጉዳይ (ጥሬ ዕቃ ሻጭ አገር በባለ ፋብሪካው አገር ላይ ተደግፎ የሚቀርበትን) የጻፈ ኢትዮጵያዊ» ተብሎ ተወደሰና መምህሩ ወደሚቀጥለው ርዕስ ተሻገሩ። ሐሳቡ የት ላይ እንደሚጸና፣ የት ላይ እንደሚላላ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ ልበል። ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከምጽዋ መርከብ ተሳፍሮ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በጀርመንኛ ተምሮ ተመለሰ፤ በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ በ1911 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነቱ ዐረፈ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ ሲታተም በሕይወት ነበር፤ ዋናውን መጽሐፍ ግን ታትሞ አላየውም፤ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው።

እኔ እንደገባኝ የመጽሐፉ አጥንት ይህ ነው። የአንድ ሕዝብ ሀብት የሚለካው በወርቁ ወይም በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በሥራውና ሥራውን ፍሬያማ በሚያደርገው ዕውቀት ነው። ሁለት ሕዝቦች ሲገበያዩ የሚለዋወጡት ዕቃ በዋጋ እኩል ቢመስልም በውስጡ ያለው ድካም እኩል አይደለም። ነገሩን በራሴ ምሳሌ ላስረዳ፦ የሐረርጌ ገበሬ ኮትኩቶ፣ ለቅሞ፣ አድርቆና በግመል አስጭኖ ድሬዳዋ ያደረሰው ቡና የሃምሳ ቀን ጉልበት ፈጅቶበት፣ በምትኩ የወሰደው አቡጀዲ ደግሞ ባሕር ማዶ በማሽን በሁለት ቀን የተሠራ ቢሆን፣ ገበያው ሁለቱን «ተካክላችኋል» ብሎ ቢያሰናብታቸውም አንዱ ሃምሳ ቀን ሰጥቶ ሁለት ቀን ተቀብሏል። ይህ አንድ ጊዜ ሆኖ ቢቀር ጉዳቱ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን ባለ ዕውቀቱ የተረፈውን ጊዜ መልሶ ዕውቀትና መሣሪያ ስለሚያደርገው፣ ገበሬው ደግሞ የሚተርፈው ጊዜ ስለሌለው፣ በያንዳንዱ ግብይት በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል። ባቡርም ቢሆን በዚህ አያያዝ ብቻውን ማንንም አያበለጽግም፤ ጥሬ ዕቃ የሚወጣበትን በር ያሰፋ ይሆናል። ይህን ያሰበው ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚፈርድ ሳይሆን የጉምሩክን ሥራ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበር ልብ በሉልኝ።

ሌላው ክርክሩ ወደ ውስጥ የሚያይ ነው። ገበሬው ያተረፈውን ወታደሩና መኳንንቱ ስለሚበሉት፣ የተጠራቀመውንም የእርስ በርስ ጦርነት ስለሚያጠፋው፣ አገሪቱ በየትውልዱ ከዜሮ ትጀምራለች ይላል። ግብር የታወቀ ልክ እንዲኖረውና በገንዘብ እንዲከፈል፣ የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ የጠየቀውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ስለ ጥሬ ዕቃ ሻጭና ስለ ፋብሪካ ባለቤት አገሮች ግንኙነት የጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የእኛ ሰው በሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞታል። ይሁንና «ቀዳሚ ነበር» ብለን መደርደሪያ ላይ ካስቀመጥነው በኋላ አቧራውን የሚያራግፍለት ጠፍቷል። እስቲ እዚህ እንከራከረው፤ እንደሱ የተረሱ ሌሎች አሳቢዎችንም የምታውቁ አምጡልን።

ባለ ሱቅ ነበርኩ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ ጥሪዎን በአክብሮት ተቀብዬ ልቃወምዎ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ፒያሳ ነግጃለሁ፤ የንግድን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ከደንበኛ ፊት ነው የማውቀው። በምሳሌዎ ያለው ገበሬ ሃምሳ ቀን ሰጥቶ ሁለት ቀን ወሰደ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ያንኑ አቡጀዲ ራሱ ፈትሎ፣ ሸማኔ ዘንድ አሠርቶ ቢለብስ ኖሮ ስንት ቀን ይፈጅበት ነበር? ሰማንያ ቀን ከሆነ ሠላሳ ቀን አትርፏል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ያለው ይኸንኑ ነው፤ በሁሉም ሥራ ደካማ የሆነ ሕዝብ እንኳ ድካሙ በሚያንስበት ሥራ ላይ ቢያተኩር ከንግዱ ይጠቀማል። የገብረ ሕይወት ስሌት የሁለቱን ሰዎች ጉልበት እርስ በርስ ያወዳድራል፤ ገበሬው ግን ገበያ የሚወጣው ከባሕር ማዶ ሠራተኛ ጋር ራሱን ሊያወዳድር አይደለም፤ የሚያወዳድረው ትናንት ከነበረበት ጋር ነው። ስለዚህ «ተበደለ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

የአራት ኪሎ አንባቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ወንድሜ፣ «ተበደለ» አላልኩም፤ ነገር ግን ጥያቄዎ እውነተኛ ስለሆነ አላልፈውም። የሪካርዶ ስሌት ለዛሬ ትክክል ነው። ገበሬው ዛሬ ከገበያ ሲመለስ ከትናንቱ ተሽሎት ሊሆን ይችላል። ገብረ ሕይወት የሚጠይቀው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጁ ምን ይሠራል የሚለውን ነው። ሪካርዶ ራሱ የተጠቀመበትን ምሳሌ ያስታውሱ፤ እንግሊዝ ጨርቅ፣ ፖርቱጋል ወይን ጠጅ ቢሠሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ ነበር ያለው። ጨርቅ መሥራት ማሽን መሥራትን፣ ማሽን መሥራት ብረት ማቅለጥን፣ ብረት ማቅለጥ የድንጋይ ከሰልን እየጎተተ ሲያመጣ፣ ወይን ጠጅ ግን ከወይን ጠጅ ብዙም አላለፈም።

ይህን የጊዜ ጉዳይ ከገብረ ሕይወት በፊት አጥብቆ ያነሣው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሊስት ነው፤ የአንድ ሕዝብ የማምረት ችሎታ ከያዘው ሀብት ይበልጣል ያለበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1841 ወጥቷል። ገብረ ሕይወት የተማረው በጀርመንኛ ስለሆነ የዚያ ትምህርት አየር ሳይነካው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ሊስት ግን የሚጽፈው ብዙ የውስጥ ኬላዎችን አንሥቶ የጋራ ጉምሩክ ላቋቋመ ሕዝብ ነበር፤ የእኛው ሰው የሚጽፈው ኬላው ገና ላልተነሣለት ሕዝብ ነው።

መምህር ከስድስት ኪሎ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ክሩን ከቅዳሴ መልስ አንብቤ ደስ ብሎኛል፤ አንድ እርማት ግን አለኝ። ገብረ ሕይወትን «የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ አባት» ማለት ክብር የሰጠን እየመሰለን መልኩን የምንለውጥበት መንገድ ነው። የላቲን አሜሪካ ጸሐፊዎች በተለይም ከፕሬቢሽ በኋላ የመጡት ጥፋቱን ያሳረፉት በዓለም ገበያ አደረጃጀት ላይ ነው። የእኛው ሰው ግን ጣቱን መጀመሪያ የሚቀስረው ወደ ውስጥ ነው፤ ዕውቀት ያልፈለገ ሕዝብ፣ ሕግ የሌለው አስተዳደር፣ ሰላም የማይወድ መኳንንት። የውጭው ነጋዴ በመጽሐፉ ውስጥ ሌባ አይደለም፤ ብልኅ ነው።

ይህን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳየን ሌላ የተረሳ ሰው ላምጣ። ዳዳባይ ናኦሮጂ እ.ኤ.አ. በ1825 ቦምቤይ ላይ የተወለደ ሕንዳዊ ነው፤ ሒሳብ አስተምሯል፣ በለንደን ነግዷል፣ በ1892 ደግሞ በእንግሊዝ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የለንደንን ፊንስበሪ ወክሎ ተመርጧል። በቅኝ ገዢዎቹ አነጋገር «ሕንድ እየበለጸገች ነው» ሲባል እሱ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ የነበረው የሕንዳዊ አማካይ የዓመት ገቢ 20 ሩፒ ገደማ ሆኖ አገኘው፤ ከዚያም ይህን ቁጥር መንግሥት ራሱ ለእስረኞች ቀለብና ልብስ ከሚያወጣው ጋር አነጻጸረውና ገቢው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከሳሹ ያቀረበው ማስረጃ የተከሳሹ የራሱ መዝገብ ነበርና ሙግቱን ለማስተባበል ከባድ አደረገው። ሀብቱ የት ሄደ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ፍሰት» የሚል ነበር፤ የእንግሊዝ ሹማምንት ደሞዝ፣ የጡረታቸው አበል፣ በለንደን የሚከፈለው የአስተዳደርና የጦር ወጪ በየዓመቱ ከሕንድ እየወጣ ምትክ የማይመጣለት ሀብት ነው አለ። ሐሳቡን የሰበሰበበት መጽሐፍ በ1901 ታትሟል።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። በናኦሮጂ ዘንድ ሀብቱ የሚወጣው በሥልጣን ነው፤ ግብር ተጥሎ፣ መርከብ ተጭኖ ይሄዳል፤ መልሱም ሥልጣኑን ማስለቀቅ ነው። በገብረ ሕይወት ዘንድ ግን የሚወጣው በገበያ ነው፤ ማንም ሳይገደድ፣ ሻጩ ጠዋት አህያውን ጭኖ በገዛ እግሩ ሄዶ ነው። ነጻ አገር በመሆናችን የተነሣ እሱ ያየው ችግር ይበልጥ ረቂቅ ነበር። ገዢ ሲኖር ጠላትን መጠቆም ይቻላል፤ በገዛ ፈቃድ የሚደረግ ግብይት ሲያደኸይ ግን ማንን ትከሳለህ? «ባለ ሱቅ ነበርኩ» ያነሡት ጥያቄ ያረፈውም እዚሁ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወለላ
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15

መምህር፣ ጋሼ፣ ሁላችሁንም በጥሞና አነበብኩ፤ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እስካሁን የተነሡት አሳቢዎች በሙሉ ሀብትን የሚቆጥሩት በበር ላይ ቆመው ነው፤ በጉምሩክ በር፣ በመርከብ በር፣ በግምጃ ቤት በር። በጋሼ ምሳሌ ውስጥ ያ ገበሬ ሃምሳውን ቀን ሲሠራ እንጀራውን የጋገረ፣ ውኃ የቀዳ፣ ልጅ ያሳደገ ማን ነው? የእሷ ቀን በሃምሳው ውስጥ አልተቆጠረም። ቢቆጠር ኖሮ ልዩነቱ የሃምሳና የሁለት ሳይሆን የመቶና የሁለት በሆነ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የገብረ ሕይወትን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ከተረሱት መካከል እኔ የማነሣው ማርጋሬት ሪድን ነው። ትውልዷ ካናዳዊ ሲሆን በአሜሪካ አስተማረች፤ የቤት ውስጥ ምርትን ኢኮኖሚክስ የሚመለከተው መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1934 ወጣ። የሰጠችው መፈተኛ ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ የሚሠራን ሥራ ደሞዝ ተከፍሎት ሌላ ሰው ሊሠራልህ የሚችል ከሆነ ያ ሥራ ምርት ነው፤ ማንም ሊተካህ የማይችል ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ መብላትና መተኛት፣ ምርት አይደለም። በዚህ መፈተኛ የአዲስ አበባን አንድ ግቢ ይመርምሩት። እንጀራ ጋጋሪ በደሞዝ ትቀጠራለች፤ ስለዚህ እናቴ ለአርባ ዓመት የጋገረችው ምርት ነው። ልብስ አጣቢ ትቀጠራለች፤ ስለዚህ ማጠብም ምርት ነው። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ጀርባቸው ጎብጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የሚያወርዱት እናቶች ለገበያ የተሸከሙት ሸክም ሥራ ተብሎ፣ ለራሳቸው ምድጃ ያስቀሩት እፍኝ ጭራሮ ከሥራ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

በነገራችን ላይ ይህ የተማሩ ሰዎች ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት፣ ማለትም አገሮች ምርታቸውን የሚቆጥሩበት ደንብ፣ ውኃ መቅዳትንና ማገዶ መልቀምን ከምርት ቆጥሯቸዋል፤ ምግብ ማብሰልንና ልጅ ማሳደግን ግን አሁንም ከመዝገቡ ውጭ ትቷቸዋል። የሪድ መፈተኛ ከወጣ ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ግማሹ ብቻ ገባ ማለት ነው።

የገበሬ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኅቴ ወለላ ወደ ጓዳ መራችን፤ እኔ ደግሞ ከጓዳው ሳልወጣ ወደ እርሻው ልሻገር። ገብረ ሕይወትን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል፤ ገበሬውን የሚያየው ዕውቀት እንደጎደለው ሰው ነው። ያደግሁበት ቤት ግን እንዲህ አልነበረም። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ነገር ግን በየትኛው ማሳ ላይ ጤፍ፣ በየትኛው ላይ ጓያ እንደሚዘራ፣ መቼ በሬ ሸጦ መቼ እንደሚገዛ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ የትኛው እንደሚቀር ሲያሰላ ያድር ነበር። በእሱ ሒሳብ የቀረሁት እኔ አልነበርኩም፤ ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ይህን ሒሳብ በወግ የጻፈው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቻያኖቭ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ የኢኮኖሚ ጸሐፊዎች ገበሬውን ወይ እንደ ትንሽ ነጋዴ፣ ወይ እንደ ኋላ ቀር አድርገው ያዩት ነበር። ቻያኖቭ ግን በአገሩ የአውራጃ ምክር ቤቶች ለዓመታት የተሰበሰበ የገበሬ ቤት መረጃ በእጁ ስለነበረ፣ ገበሬው በራሱ ሕግ እንደሚያስብ አሳየ። በገበሬ ቤት ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፤ ደሞዝ ከሌለ ደግሞ ትርፍና ኪሳራ እንደ ፋብሪካ ሊቆጠር አይችልም። ቤተሰቡ የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ በአንድ በኩል የሚበሉ አፎች፣ በሌላ በኩል ተጨማሪው ሥራ የሚያመጣው ድካም። ልጆች ጨቅላ ሳሉ የሚበላው ብዙ፣ የሚሠራው ጥቂት ስለሆነ አባትና እናት እስኪወድቁ ይሠራሉ፤ ልጆቹ ሲደርሱ ደግሞ ሸክሙ ይቀላል። በነጋዴ ዓይን «ለምን በዚህ ዋጋ ይሸጣል? ለምን ለማይረባ ትርፍ ይህን ያህል ይደክማል?» የሚያሰኘው ነገር በዚህ ሚዛን ሲታይ ሥርዓት አለው።

ዋጋ ሲወርድ አንዳንድ ጊዜ ገበሬው ሽያጩን የሚጨምረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የግብሩና የጨው መግዣው ልክ ስላልወረደ፣ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት የበለጠ እህል ማውጣት አለበት። እዚህ ላይ ገብረ ሕይወትና ቻያኖቭ ይገናኛሉ፤ ጋሼ የጻፉት የሃምሳና የሁለት ቀን ልውውጥ የሚቀጥልበት ምስጢር ገበሬው ሥራውን በደሞዝ ስለማይተምን ነው። ይሁንና በአንዱ ዘንድ ጉድለት የሆነው ነገር በሌላው ዘንድ ሒሳብ ነው።

ቻያኖቭ የተረሳበት መንገድ ዘግናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 «የገበሬ ፓርቲ አቋቁመሃል» ተብሎ ተያዘ፣ በ1937 ተረሸነ፣ ስሙ የታደሰው በ1987 ነው። የመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከመጣበት ከ1966 በፊት በውጭ ያነበቡት ጥቂቶች ነበሩ። እኛም የመሬት አዋጅ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. ስለ ገበሬው ብዙ ስንጮህ የሱን ስም ያነሣ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።

የመድረኩ አስተናጋጅ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ስለ 1967ቱ አዋጅ ጥቅምና ጉዳት የተላኩ አራት አስተያየቶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬያቸዋለሁ። እዚህ በአሳቢዎቹ ላይ እንቆይ።

ባለ ሱቅ ነበርኩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁለት ሌሊት ሳስብበት አድሬ በከፊል ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ በከፊል ደግሞ ይበልጥ ጸንቻለሁ። የጊዜው ነገር ገብቶኛል፤ ዛሬ ተሻለ ማለት ልጁ ይሻለዋል ማለት አይደለም። ይሁንና መፍትሔው ላይ ስንደርስ ጥርጣሬ አለኝ፤ ይህን የምለውም በአንድ ወቅት የቆዳ ንግድ ስለሞከርኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ሐሳቡ የገብረ ሕይወት ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥሬ ዕቃ ሸጠን የተሠራ ዕቃ ከምንገዛ እዚሁ አልፍተን፣ ከተቻለም ጫማ አድርገን እንሽጥ ነው። መልካም። ነገር ግን ቀረጡ ጥሬ ቆዳው እንዳይወጣ ዘጋ እንጂ ቆዳውን ጫማ የሚያደርገውን ዕውቀት በዚያው ቀን አላመጣም። ከብት አራጁ በቢላ እየቀደደ፣ አርቢው በምልክት እየተኮሰ፣ መዥገርና እከክ እየቦረቦሩት ገበያ የሚደርሰው ቆዳ ግማሹ ለወግ ያለው ሥራ የማይበቃ ነበር። ፋብሪካው ለብቻው ገዢ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ወደቀ፤ ዋጋው ሲወድቅ ገጠር ያለው ሰው በግ አርዶ ቆዳውን መሸጥ ትቶ ጣለው። በበዓል ማግስት በከተማው ጎዳናዎች የተጣለ የበግ ቆዳ ያላየ አዲስ አበቤ አለ? ከሃያ ዓመት በፊት ልዋጭና ቆዳ ገዢ በየሰፈሩ እየጮኸ ይሻማበት ነበር።

ስለዚህ ገብረ ሕይወትን በራሱ ቃል ልሟገተው፤ ሀብት ዕውቀት ከሆነ በር መዝጋት ምን ይጠቅማል? ዕውቀቱ ሳይቀድም በሩ ከተዘጋ የሚጎዳው ያው የሃምሳ ቀኑ ባለቤት ነው።

መምህር ከስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

ይህ በክሩ ውስጥ እስካሁን የቀረበ ምርጥ ክርክር ነው፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጽፉልኝ እወድ ነበር። በገብረ ሕይወት በኩል የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ እሱ በር ዝጉ ብሎ ብቻ አልተወም። የማሻሻያ ዝርዝሩ ትምህርትን፣ ሕግን፣ ገንዘብን፣ ግብርን፣ ጉምሩክን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ከመካከሉ አንዱን መዝዞ ማስፈጸም እሱን መከተል አይመስለኝም። ሆኖም የትኛው ይቅደም ለሚለው ጥያቄ መጽሐፉ በቂ መልስ የለውም፤ ጸሐፊው ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ ወደዚያ በሄደ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወደ መርሳት ጉዳይ ልመለስ፤ የተረሱት ሁሉ የተረሱት በአንድ መንገድ አይደለምና። ቻያኖቭን ጥይት ዝም አሰኘው። የስዊሱ የኢኮኖሚ ጸሐፊ ሲስሞንዲ እ.ኤ.አ. በ1819 ማሽን ሠራተኛውን ሲተካ የሚገዛ ሰው ይጠፋል ብሎ ሲጽፍ፣ ሀብት ብቻ ከተፈለገ የእንግሊዝ ንጉሥ በደሴቱ ላይ ብቻውን ቀርቶ አንድ የማሽን እጀታ እያዞረ የአገሩን ምርት ሁሉ ቢያመርት ምን ይጎድላል ብሎ በምፀት ጠየቀ፤ ለሶሻሊስቱ ወግ አጥባቂ፣ ለነጋዴው ሶሻሊስት መስሎ ስለታየ ሁለቱም ወገን ተወው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ጆን ሆብሰን እ.ኤ.አ. በ1889 ተራራ መውጣት ከሚወድ አንድ ነጋዴ ጋር ሆኖ ከልክ በላይ መቆጠብ ሥራ አጥነትን ያመጣል ብሎ በመጻፉ ለንደን ላይ ኢኮኖሚክስ እንዳያስተምር ተከለከለ፤ መጽሐፉን ያነበቡ አንድ ፕሮፌሰር ነገሩን ምድር ጠፍጣፋ ናት ከማለት ቆጥረውት ነበር። ታዋቂው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ገጾችን ሰጥቶ ውለታውን እስኪያነሣለት ድረስ ሆብሰን በዩኒቨርሲቲ በኩል በሩ እንደተዘጋበት ነበር።

የእኛው ሰው የተረሳው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በአማርኛ ጻፈ፤ ኢኮኖሚክስን የምናስተምረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ነው በውጭ የጥናት ጽሑፎች ውስጥ በብዛት መጠቀስ የጀመረው፤ በሌላ አነጋገር ለእኛ እንኳ የደረሰን በባዕድ ቋንቋ ዞሮ ነው። ሌላም ድንበር አለ፤ የትምህርት ክፍል ድንበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የነበረውን የገጠር ረሃብ መርምረው የጻፉት መጽሐፍ ረሃብን ከዝናብ መቅረት ይልቅ ገበሬውን ያለ መከላከያ ካስቀረው ሥርዓት ጋር ያያይዘዋል፤ ይህ ንጹሕ የማኅበራዊ ኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ወሎ ረሃብ የጻፈውን በኢኮኖሚክስ ክፍል እናስተምራለን፤ መስፍን ግን የጂኦግራፊ ሰው ናቸው ተብሎ በጂኦግራፊ መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ በዓመት ቢያጋጥመኝ አንድ ነው።

የገበሬ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

መምህር፣ ስማቸው ስለተጻፈ ሰዎች እያወራን ስማቸው ያልተጻፈ አሳቢዎችም እንዳሉ ልጨምር። በመንዝ የጓሳን ሣር መሬት ቄሮ በተባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት ባለ አጽመ ርስቶች (መሬቱን ከአባቶቻቸው የወረሱት) ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍተው ያጭዱ ነበር። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብት ያለ መንግሥትና ያለ ግል ባለቤት ሊጠበቅ እንደሚችል አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኘች፤ የመንዝ ሽማግሌዎች ንድፈ ሐሳቡን አልጻፉትም፤ ኖረውታል። እነሱን በየትኛው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣቸው?

ወለላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

በእናቶቻችን መደርደሪያ ላይ፣ ከዕቁብ ሰብሳቢዎቹ ጎን።

የአራት ኪሎ አንባቢ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ከዚህ በላይ እኔ ብቻዬን ልመልስ አልችልም። የወለላን ሒሳብ ተቀብዬ ምሳሌዬን አርሜዋለሁ፤ የገበሬውን ሚስት ሳልቆጥር የጻፍኩት ሃምሳ ቀን ስሕተት ነበር። የገበሬ ልጅ ያነሣውን ግን ገና አልተቀበልኩትም። ቻያኖቭ የገበሬውን ሒሳብ ያሳየናል፤ ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ግን ገበሬውን ከሃምሳ ቀኑ አያወጣውም። ገብረ ሕይወት «ዕውቀት ጎደለ» ሲል ገበሬው ሞኝ ነው ማለቱ ነው ወይስ መሣሪያና ትምህርት ተነፍጎታል ማለቱ? ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ የምዕራፉን ቃል ራሱን ይዘን መነጋገር አለብን።

ስለዚህ ከፊታችን ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኝ። ስለ ንግድ የሚናገረውን የመጽሐፉን ክፍል ፎቶ ኮፒ አምስት ቅጂ ይዤ እመጣለሁ። ባለ ሱቁ ወንድሜ የቆዳውን ጉዳይ በቁጥር ቢያዘጋጁልን፣ መምህርም የናኦሮጂን የእስረኛ ቀለብ ሠንጠረዥ ቢያመጡልን መልካም ነው።

ባለ ሱቅ ነበርኩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

እመጣለሁ። የድሮ ደረሰኞቼን ከሣጥን አውጥቻለሁ፤ የ1999 እና የ2001 ዓ.ም. የቆዳ ግዢ ዋጋ በእጅ ጽሕፈት አለኝ። አንዳንዱ ቀለሙ ስለጠፋ መነጽር ይዛችሁ ኑ።